ሰፊ ወለል፣ አንድ ደጅ

በሚኒሶታ ግዛት፣ ከሚኒያፖሊስ በስተ ደቡብ፣ በዳኮታ አውራጃ የምትገኘው አፕል ቫሊ በ2020 የሕዝብ ቈጠራ 56,374 ነዋሪ የተመዘገበባት፣ ከእኛም ወገን ያሉ ቤተሰቦች ቤት ገዝተው ልጅ የሚያሳድጉባት ከተማ ናት፤ ከስድሳ ዓመት በፊት ግን ሊባኖስ የምትባል የገበሬዎች ቀበሌ ነበረች። እርሻው ሰፈር፣ ሰፈሩም ከተማ የሆነበት ታሪክ ብዙ ጊዜ የሚነገረው በመንገድና በመኪና፣ በባንክ ብድርና በሕዝብ ብዛት ምክንያት ነው፤ እኔ ግን ከእነዚህ ሁሉ ይልቅ የከተማዪቱን መልክ የወሰነው፣ በአንድ ቦታ ላይ ምን ያህል ቤት ሊሠራ እንደሚገባ የሚደነግገው ዞኒንግ የተባለው የልክ ሥርዓት ነው ብዬ አምናለሁና፣ የዚያን ልክ ታሪክ ከመሠረቱ ጀምሬ ልተርክ አስቤአለሁ። ዓመታቱም፣ ለይቼ ካልጠቀስሁ በቀር፣ በአውሮፓ አቈጣጠር የተጻፉ ናቸው።

ጎረቤት ከጎረቤቱ ምን ያህል ርቆ፣ ምንስ ያህል ከፍ አድርጎ ይሥራ የሚለው ጥያቄ ከአሜሪካኖች የተጀመረ አይደለም። በስንክሳር ጥር 21 ቀን የምትታሰበው የቅድስት ኢላርያ አባት ንጉሥ ዘይኑን፣ በአምስተኛው መቶ ዓመት በቍስጥንጥንያ ነግሦ ሳለ፣ ቤት የሚሠራ ሰው ከጎረቤቱ ቤት 12 ጫማ እንዲርቅ፣ በ100 ጫማ ውስጥ ያለ ጎረቤትም ወደ ባሕር የሚመለከትበትን አቅጣጫ እንዳይጋርድበት ደንግጎ ነበር። ይህ ድንጋጌ እሳትን ከመከላከል፣ ብርሃንንና አየርን ለሁሉ ከማዳረስ የመነጨ በመሆኑ፣ ከእርሱ በኋላ የተነሡት የከተማ ሕጎች ሁሉ በዚሁ ምክንያት ላይ ሲቆሙ እናያለን፤ በጀርመን አገር የፍራንክፈርት ከንቲባ ፍራንዝ አዲከስ በ1891 ከተማውን በክልል ከፍሎ ለየክልሉ የተለያየ የሕንፃ ልክ በደነገገ ጊዜም የተናገረው ይህንኑ ምክንያት ነበር።

ሥርዓቱ በአሜሪካ ምድር ሥር የሰደደው ግን ከአንድ ሕንፃ የተነሣ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። በ1915 በኒው ዮርክ ከተማ ተሠርቶ የተፈጸመው ኢኩዊተብል የተባለው ሕንፃ፣ ከአንድ ኤከር ባነሰ መሬት ላይ 1.2 ሚሊዮን ካሬ ጫማ ወለል፣ ይኸውም የቆመበትን ቦታ 30 እጥፍ ያህል ወለል ደርቦ ሲነሣ፣ ጥላው የጎረቤቶቹን መስኮትና የመንገዱን ብርሃን ስለ ወሰደ፣ ከተማው በማግሥቱ ዓመት በ1916 የመጀመሪያውን አጠቃላይ የዞኒንግ ሕግ አወጣ። ያ ሕግ ሕንፃው ከፍ ባለ መጠን ከመንገድ እንዲያፈገፍግ አዘዘ እንጂ የወለሉን መጠን በቍጥር አልወሰነም ነበር። በቍጥር የመወሰኑ ዘዴ፣ ማለት የወለል ስፋት ጥምርታ፣ በቺካጎ በ1957፣ በኒው ዮርክም በ1961 በወጡት ሕጎች ገነነ። ስሌቱ ቀላል ነው፤ የሕንፃው ወለል ሁሉ ተደምሮ ለቦታው ስፋት ሲካፈል የሚገኘው ቍጥር ነውና፣ በ1,000 ካሬ ሜትር ቦታ ላይ ጥምርታው 2 ቢሆን 2,000 ካሬ ሜትር ወለል ይፈቀዳል፤ ባለቤቱም ቦታውን ከዳር እስከ ዳር ሸፍኖ ሁለት ደርብ ቢሠራ፣ ወይም ግማሹን ለግቢና ለዛፍ ትቶ አራት ደርብ ቢያቆም ምርጫው የእርሱ ነው።

በሚኒሶታ ነገሩ ሌላ ጎዳና ይዞ ሄደ። የግዛቱ ምክር ቤት በ1915 ባወጣው ሕግ ከተሞች የመኖሪያ ክልል ለይተው ሌላ ዓይነት ሕንፃ እንዳይገባበት መከልከል ቢችሉም፣ በክልከላው ለሚጎዳው ባለመሬት ካሣ እንዲከፍሉ ያስገድድ ነበር፤ ይህም ከኋለኛው ልማድ ጋር ሲመዛዘን ለባለመብት እጅግ የተጠነቀቀ ሥርዓት ነበረ ማለት ይቻላል። ሴንት ፖል ከተማ በ1922፣ ሚኒያፖሊስም በ1924 አጠቃላይ የዞኒንግ ሕግ ካወጡ በኋላ፣ የግዛቱ ከፍተኛ ፍርድ ቤት በ1925 ያለ ካሣም ቢሆን መከልከል የመንግሥት ሥልጣን ነው ብሎ ፈረደ። የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደግሞ በ1926፣ በኦሃዮ ግዛት ዩክሊድ በተባለች መንደርና አምብለር በተባለ የመሬት ማኅበር መካከል በነበረው ክርክር፣ ሥርዓቱን ለመላው አገር አጸደቀው። ያንን ፍርድ የጻፉት ዳኛ ጆርጅ ሰዘርላንድ፣ በነጠላ ቤቶች ሰፈር ውስጥ የሚገባ አፓርትመንት የሰፈሩን ጸጥታና ውበት እየመጠጠ የሚኖር ጥገኛ መሆኑን መግለጻቸው ብዙ ዘመን የዘለቀ ፍሬ አፈራ። ልብ ይባል፤ እነ ዘይኑን ብርሃንና እሳትን ሲያስቡ፣ እኒህ ዳኛ ያሰቡት የሕንፃውን ጥላ ብቻ ሳይሆን በሕንፃው ውስጥ የሚያድረውን የቤተሰብ ብዛት ጭምር ነበር። ቀድሞም በ1917 ያው ፍርድ ቤት ሰፈርን በዘር ለይቶ የሚከልል የከተማ ሕግ ሕገ መንግሥትን ይጥሳል ብሎ ሽሮ ስለ ነበር፣ መለየት የሚፈልጉ ሰዎች በሽያጭ ውል ላይ ዘርን የሚከለክል አንቀጽ ማስጻፍን አዘወተሩ፤ የሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከ2016 ጀምሮ ከመዝገብ ቤት እየፈለጉ በካርታ ላይ ባሰፈሩት ማስረጃ እንደሚታየው፣ ይህ ዓይነት ውል በሚኒያፖሊስ በብዛት ይጻፍ ነበር። አዲስ እንዳይጻፍ በግዛቱ ሕግ የተከለከለው በ1953 ነው።

ወደ ሊባኖስ ልመለስ። መሬቱ የዳኮታ ሕዝብ መሬት ነበር፤ በነሐሴ 1851 በሜንዶታ በተፈረመው ውል ከእጃቸው ወጣ። ከዚያም የመንግሥት ቀያሾች በ1785ቱ ድንጋጌ መሠረት ምድሩን ስድስት ማይል በስድስት ማይል በሆነ አራት ማዕዘን፣ አራት ማዕዘኑንም በ36 ክፍል እየከፈሉ ለኩት፤ የእያንዳንዱ ክፍል ሩብ 160 ኤከር፣ ወይም 65 ሔክታር ያህል ነውና፣ በአገራችን በቀላድ ተለክቶ 40 ሔክታር ገደማ ከሚሆነው ከአንዱ ጋሻ በብዙ ይበልጣል። ሚኒሶታ ግዛት በሆነችበት በ1858 ሊባኖስ በቀበሌነት ተቋቋመች። ከመቶ ዓመት በላይ አንድ ቤተሰብ በሰፊ ማሳው ላይ አንድ ቤት ሠርቶ ሲኖር፣ ስንት ደርብ ይሥራ ብሎ የሚጠይቀው አልነበረም፤ ልክ ያስፈለገው ማሳው መሸንሸን ሲጀምር ነው።

የሸንሻኙም ስም ይታወቃል። ኦሪን ቶምፕሰን የተባለ ቤት ሠሪ፣ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በመንትዮቹ ከተሞች፣ ማለት በሚኒያፖሊስና በሴንት ፖል፣ ዙሪያ በሺህ የሚቈጠር ቤት በተመሳሳይ ንድፍ ያቆመ ሰው፣ በ1960ዎቹ በሊባኖስ ማሳ ላይ ለከፈተው ሰፈር ካሊፎርኒያ ውስጥ ካለችው አፕል ቫሊ ስም ተውሶ ሰጠው፤ ቀበሌዪቱም በ1969 መጀመሪያ በመንደርነት ስትቋቋም ሠሪው ለሰፈሩ የሰጠውን ስም ለራሷ ወሰደች፤ በ1974 የግዛቱ ሕግ መንደሮችን ሁሉ ወደ ከተማነት ሲለውጥ እርሷም ከተማ ተባለች። በ1970 ሕዝቧ 8,502፣ በ1980 21,818፣ በ2000 45,527 ነበር። በዘር ምክንያት ቤት አልሸጥም ወይም አላከራይም ማለትን የሚከለክለው የፌዴራል ሕግ የወጣው በሚያዝያ 1968፣ ማለት መንደሪቱ ከመቋቋሟ ከወራት በፊት ስለ ሆነ፣ አብዛኞቹ የአፕል ቫሊ ሰፈሮች የተሠሩት በሕግ ፊት ለሁሉ ክፍት ሆነው ነው፤ ማን ሊገባባቸው እንደሚችል በተዘዋዋሪ የወሰነው የቦታው ልክ ነበር።

አሁን በእንዲህ ያለ የዳርቻ ከተማ ውስጥ አንድ ሰው በቦታው ላይ ምን ያህል እንደሚፈቀድለት እንዴት ያሰላል? ትክክለኛው አኀዝ በየክልሉ የተለያየ ስለ ሆነ ከከተማው ጽሕፈት ቤት መጠየቅ ይገባል፤ መንገዱን ለማሳየት ግን በብዙ ቦታ የሚገኘውን የመሰለ ምሳሌ ልውሰድ። ቦታው ፊቱ 80 ጫማ፣ ጥልቀቱ 140 ጫማ ቢሆን፣ ስፋቱ 11,200 ካሬ ጫማ፣ በእኛ ልክ 1,040 ካሬ ሜትር ያህል ይሆናል። ከፊትና ከኋላ 30፣ ከግራና ከቀኝ 10 ጫማ ከወሰን ራቅ ቢባል፣ ቤት ሊቆምበት የሚችለው 60 በ80፣ ማለት 4,800 ካሬ ጫማ ብቻ ነው። በዚህ ላይ ሕንፃ ከቦታው ከመቶ 35 በላይ አይሸፍንም የሚል ገደብ ቢጨመር 4,800ው ወደ 3,920 ይወርዳል፤ ከዚህም ለሁለት መኪና ጋራዥ 480 ካሬ ጫማ ሲነሣ 3,440 ይቀራል፤ ሁለት ደርብ ቢሠራበት 6,880 ካሬ ጫማ፣ ወይም 640 ካሬ ሜትር የሚሆን ወለል ይገኛል። የወለል ጥምርታ 0.5 የሚል አንቀጽ ቢኖር ደግሞ ጠቅላላው ከ5,600 እንዳይበልጥ ይገታል። አስተዋይ ሰው እንግዲህ ልኮቹን ሁሉ አንድ በአንድ አስልቶ የመጨረሻውን ፍርድ ከሁሉ ጠባብ ለሆነው ይሰጣል፤ የወሰን ርቀቱ ሰፊ ቢሆን ሽፋኑ፣ ሽፋኑ ሰፊ ቢሆን ጥምርታው፣ ጥምርታው ሰፊ ቢሆን ከፍታው ይገታዋልና።

በሚኒሶታ ደግሞ ከምድር በታች ያለው ነገር ሳይቈጠር አይታለፍም። ውርጩ በክረምት ምድሩን ዘልቆ ስለሚያቀዘቅዝ፣ የግንባታ ሕጉ በደቡቡ የግዛቱ ክፍል መሠረት 42 ኢንች፣ አንድ ሜትር ከሰባት ሳንቲ ገደማ፣ እንዲወርድ ያዝዛል፤ በሰሜኑ 60 ኢንች ነው። እስከዚያ የቈፈረ ሰው ጥቂት ጨምሮ ቢቈፍር ቤዝመንት ያገኛልና፣ ቤዝመንት የሌለው ቤት በዚህ አገር ብርቅ ነው፤ በ1960ዎቹና በ1970ዎቹ የተሠሩት ብዙ ቤቶችም ግማሽ ደርባቸው ከምድር በታች፣ ግማሹ ከምድር በላይ ሆኖ፣ ከደጁ እንደ ገቡ ደረጃው አንዱ ወደ ላይ፣ አንዱ ወደ ታች የሚወስድ ነው። አብዛኛው አካሉ ከምድር በታች የሆነ ቤዝመንት በብዙ ከተሞች ሕግ ከወለል ስፋት ስለማይቈጠር፣ በምሳሌያችን ቤት ላይ ሌላ 3,440 ካሬ ጫማ በነጻ ይጨመራል። ሐይቅ ዳር ያለ ቦታ ግን ሌላ ልክ አለው፤ ከሐይቅ በ1,000 ጫማ ውስጥ ያለ ቦታ በግዛቱ የሐይቅ ዳርቻ ደንብ መሠረት ጣሪያውም አስፋልቱም ተደምሮ ውኃ የማያሰርገው ክፍል ከመቶ 25 እንዳይበልጥ ይገደባልና፣ አሊማግኔት ሐይቅን በመሰሉ ውኃዎች አጠገብ የሚኖር ሰው ጋራዥ ወይም የመኪና መቆሚያ ሊያሰፋ ሲያስብ ይህን አስቀድሞ ይጠይቅ።

ይህን ሁሉ ያሰላሁት ለአንድ ነገር ነው። በ1970ዎቹ መጀመሪያ በአሜሪካ ይሠራ የነበረው አዲስ ቤት መካከለኛ ስፋት 1,500 ካሬ ጫማ ገደማ ነበር፤ ልኩ የሚፈቅደው 6,880 ከሆነ ግን፣ በዚያ ቦታ ላይ አራት እንዲህ ያለ ቤት የሚሆን ወለል ተፈቅዷል ማለት ነው፤ ከወሰኑ ሳይጠጋ፣ ከፍታውን ሳያልፍ፣ የማንንም ብርሃን ሳይጋርድ። የሚከለከለው ያንን ወለል በሁለት ቤተሰብ መካከል መክፈል ነው። እንግዲህ የዳርቻ ከተማ ሕግ በወለል ለጋስ፣ በደጅ ግን ንፉግ ነው፤ ዘይኑን ያሰበለት ብርሃንና አየር ተጠብቆ ሳለ ሁለተኛው ወጥ ቤት ብዙ ጊዜ ይከለከላል። በእኔ አስተያየት በዚህ ጉዳይ ሊመረመር የሚገባው ዋናው ነጥብ ይኸው ነው፤ ሰዎች ስለ ፎቅ ቍጥርና ስለ ጥላ ሲከራከሩ፣ ቁርጡን የሚወስነው አንቀጽ አንድ ቦታ ለአንድ ቤተሰብ የሚለው ሆኖ ሳለ ማንም ሳያነሣው ይቀራል።

በአገራችን ልማድ ነገሩ ተገላቢጦሽ ነበር። በእኛ አቈጣጠር በ1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቍጥር 47 የከተማን ቦታና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ሲያደርግ፣ ለአንድ ቤተሰብ መኖሪያ የሚሆን ቦታ ከ500 ካሬ ሜትር እንዳይበልጥ ወሰነ፤ ይህም በምሳሌያችን ካሰላነው የሚኒሶታ ቦታ ግማሽ እንኳ አይሞላም። ነገር ግን በአዲስ አበባ ግቢ ውስጥ ከዋናው ቤት ጀርባ ሰርቪስ ቤት ተሠርቶ፣ አያት በአንዱ ክፍል፣ ያገባ ልጅ በሌላው፣ ከገጠር የመጣ የአጎት ልጅ ወይም ተከራይ በሦስተኛው ሲኖር፣ ስንት ምድጃ ነደደ ብሎ የሚቈጥር አልነበረም። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቍጥር 624 ካዘዘው የፕላን ስምምነት ጀምሮ ባለይዞታው ካርታውን ይዞ የሚጠይቀው በይበልጥ የከፍታ ጥያቄ፣ ጂ ፕላስ ስንት የሚለው ነው፤ እንዲያውም በዋና መንገዶች ዳር ከዚህ በታች አይሠራም የሚል ዝቅተኛ ከፍታ ይታዘዛል። ከእንዲህ ያለ ግቢ ያደገ ሰው አፕል ቫሊ መጥቶ ባለ አምስት መኝታ ቤት ሲገዛ፣ እናቱን አምጥቶ ቤዝመንቱን በተለየ መግቢያና ወጥ ቤት ሊያዘጋጅላት ሲያስብ፣ ወለሉ ሞልቶ ተርፎ ሳለ ሕግ ቢያስቆመው፣ ለምን እንደ ሆነ መረዳት ቢያዳግተው አይፈረድበትም።

አሜሪካኖቹም ራሳቸው በዚህ ጉዳይ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ተካሰውበታል። በ1974 በኒው ዮርክ ግዛት ቤል ቴር የተባለች ትንሽ መንደር፣ ዝምድና የሌላቸው ስድስት ተማሪዎች በአንድ ቤት እንዳይኖሩ መከልከሏ ሲጸናላት፣ ከተሞች ቤተሰብ ማለት ማን እንደ ሆነ ሊወስኑ ይችላሉ የሚል ትምህርት ወጣ። በኦሃዮ የምትገኘው ኢስት ክሊቭላንድ ከተማ ግን ይህን አንቀጽ ወደ ሥጋ ዘመድ አሻገረችው። ኢኔዝ ሙር የተባሉ አያት ከአንድ ወንድ ልጃቸውና ከሁለት የልጅ ልጆቻቸው ጋር ይኖሩ ነበር፤ የልጅ ልጆቹ የአንድ አባት ልጆች አልነበሩም፤ አንደኛው ሕፃን እናቱ ስለ ሞተችበት ከአያቱ ቤት የተጠጋ ነው። የከተማው ሕግ እንዲህ ያለው ስብስብ ቤተሰብ አይደለም ስላለ፣ አያት የልጅ ልጃቸውን ባለማስወጣታቸው አምስት ቀን እስራትና 25 ዶላር መቀጫ ተፈረደባቸው። እርሳቸው ግን ልጁን አላስወጡም፤ ተከራከሩ፤ በ1977 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በአንድ ድምፅ ብልጫ ፍርዱን ሻረላቸው። አያት የሙት ልጅን ማሳደጓ ወንጀል ይባል ዘንድ የቀረው አንድ ድምፅ ብቻ እንደ ነበር ሳስብ፣ ከተሞች በቦታ ልክ ስም ምን ያህል ወደ ሰው እልፍኝ እንደሚዘልቁ ይታየኛል።

ቤተ ክርስቲያን የሚሠራም ሰው ከዚህ ሥርዓት አያመልጥም። በብዙ የአሜሪካ ከተሞች ለጸሎት ቤት የሚያስፈልገው የመኪና ማቆሚያ በመቀመጫ ቍጥር ይሰላል፤ ሕዝቡ በመቋሚያ ተደግፎ ቆሞ በሚያስቀድስበት፣ ቅኔ ማኅሌቱና ቅድስቱ ወንበር በማይደረደርበት ሥርዓታችን ግን የሚቈጠረው ወንበር ሳይሆን የወለሉ ስፋት ይሆናል፤ ስለዚህ ለሕንፃ የሚሆን መሬት የሚፈልግ የሰበካ ጉባኤ ከዋጋው አስቀድሞ ይህን ቢጠይቅ፣ መሬቱ ለመኪና አልቆ ለመቅደሱ ጥቂት ከመቅረቱ በፊት ያውቀዋል። በ2000 የወጣው የፌዴራል ሕግ ከተሞች በዞኒንግ ምክንያት ሃይማኖትን ያለ ብርቱ ምክንያት እንዳያስጨንቁ ቢከለክልም፣ ከማቆሚያ ስሌት ነጻ አያወጣም።

በዘመናችን ሚኒያፖሊስ ይህን ሥርዓት ልትለውጥ ተነሥታ፣ ምክር ቤቷ በታኅሣሥ 2018 ባጸደቀው የ2040 ዕቅድ፣ በመኖሪያ ቦታ ሁሉ ላይ እስከ ሦስት ቤት እንዲሠራ ፈቀደች፤ በአገሪቱ ካሉት ታላላቅ ከተሞችም በዚህ የቀደማት የለም። ሆኖም ደጁን ሦስት አድርጋ ስትከፍት ጠቅላላ የወለሉን ጥምርታ በዝቅተኛ ልክ ስለ ተወችው፣ በጠባብ የከተማ ቦታ ላይ ሦስት ሰፊ ቤት ማውጣት አስቸገረ፤ የተሠራውም ከታሰበው እጅግ ያነሰ ሆነ። የአፕል ቫሊ ችግር በወለል ሰፍቶ በደጅ መጥበብ ሲሆን፣ የሚኒያፖሊስ ችግር በደጅ ሰፍቶ በወለል መጥበብ ሆነ ማለት ነው።

አፕል ቫሊም ብትሆን እንደ 1969 አልቀረችም። የመንትዮቹን ከተሞች ዕድገት እንዲያስተባብር በ1967 የተቋቋመው ሜትሮፖሊታን ካውንስል፣ በ1976ቱ የመሬት ዕቅድ ሕግ መሠረት እያንዳንዱ ከተማ አጠቃላይ ዕቅድ አውጥቶ እንዲያቀርብለት ያዝዛል፤ በ2014 ባወጣው መመሪያም ለዳርቻ ከተሞች አዲስ ልማት በአማካይ በኤከር ቢያንስ 5 መኖሪያ ጠየቀ። ኤከር 43,560 ካሬ ጫማ ነውና፣ በምሳሌያችን ልክ ቢሸነሸን መንገዱ ሳይቈጠር እንኳ አራት ቦታ አይሞላም፤ እንግዲህ በአሮጌው ልክ አዲስ ሰፈር መሥራት አይቻልም። በዚሁ አቅጣጫም በሲዳር ጎዳናና በ42 ቍጥር መንገድ መገናኛ አካባቢ፣ ከ2013 ጀምሮ ቀዩ መስመር የተባለው ፈጣን አውቶቡስ በሚመላለስበት፣ በከተማዪቱም ምሥራቅ ጠጠር ይወጣባቸው በነበሩ ጕድጓዶች ላይ፣ ዛሬ ኮብልስቶን ሐይቅ በሚባለው ሰፈርም ጭምር፣ ታውንሃውስና አፓርትመንት ተሠርቷል። የቀደሙት የነጠላ ቤት ሰፈሮች ግን በአብዛኛው እንደ ነበሩ ናቸው፤ አዲሱ ጭነት ሁሉ በመንገድ ዳርና በጕድጓዱ ላይ ወድቋል።

ሜትሮፖሊታን ካውንስል እስከ 2050 የሚያገለግለውን መመሪያ በየካቲት 2025 ስላጸደቀ፣ ከተሞች በእርሱ መሠረት የሚያድሱት ዕቅድ እስከ 2028 መጨረሻ መቅረብ አለበት። ከዚያ በፊት በየከተማው አዳራሽ ሕዝብ የሚናገርበት ጉባኤ ይደረጋልና፣ ከእኛ ወገን ባለ ቤቱም ተከራዩም በዚያ ተገኝቶ ሊጠይቅ የሚገባው ፎቁ ከፍ ይበል ብሎ ሳይሆን፣ ከፍታው፣ የወሰን ርቀቱና ሽፋኑ እንዳለ ሆኖ፣ ቀድሞ በተፈቀደው ወለል ውስጥ ለእናት ወይም ለተከራይ የሚሆን ሁለተኛ ደጅ እንዲጻፍ ነው፤ ጎረቤቱ ስለ ጥላና ስለ ብርሃን ቢሰጋም፣ በ80 በ140 ጫማ ቦታ ላይ ያደረግነውን ስሌት በወረቀት ጽፎ ያሳየው።